ከጥጃው ቤት የወጣችው ልጄ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ንፋስ መውጫ የተዳረችው ልጄ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር «የምንኖረው ባለ ቆርቆሮዎቹ ሰፈር ነው» እያለች ትልክብኝ ነበር። ያኔ ጣራውን ቆርቆሮ የሚያለብሰው ሀብታም ብቻ ነውና፣ እኔም የአገሬ የስማዳ አህዮች እስኪሰለቻቸው ድረስ አወራሁት።

አንድ ቀን በሬ የሚያህል በግ እየጎተትሁ ልጠይቃት ሄድሁ። ከሰፈሩ ሁሉ ትልቁን ቆርቆሮ ቤት መረጥሁ። ከውጭ በኩል አጥሩን ተደግፋ የቆመች ደሳሳ ጎጆ አለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለች ጎጆ የጥጃ ቤት ናት። ውስጧ ጨለማ ነው፤ በጉን ገፍቼ አስገባሁና መዝጊያውን ገጠምሁት።

ከዚያ ኩታዬን አጣፍቼ ትልቁን በር አንኳኳሁ፤ ዘበኛ ከፈተልኝ።

«እመቤቲቱን አባትሽ መጣ በልልኝ!» አልሁት ዘበኛውን።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «የእመቤቴ አባት ከሞቱ ቆዩ። እርስዎ ከመቃብር ነው የመጡት?»

«የልጄን ቤት አጣዋለሁ እንዴ! አንተን ነው የማስባርርህ!» ብዬ ጮኽሁ።

ይሄኔ የጥጃው ቤት መዝጊያ ተከፈተ። ልጄ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ በጉን በገመዱ ይዛ ወጣች። ዘበኛው ፊቱን አዞረ።

ልጄ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «አባዬ» አለችኝ፤ «በጉስ ገብቷል፣ እርስዎም ይግቡ እንጂ።»