የተዘጋው ዶርም ባሕታዊ

ካምፓሳችን ውስጥ፣ ጣና ዳር፣ አንድ የተዘጋ አሮጌ ዶርም ነበር። ጣሪያው ተቀዷል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «አደገኛ ነው፤ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። እኔና የዶርም ጓደኛዬ ሁለተኛ ዓመት እስክንደርስ መታገሣችን ራሱ ያስመሰግነናል።

በፊት ለፊት በኩል አንድ አዛውንት ጥበቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። እሳቸውን ማለፍ የማይታሰብ ስለሆነ፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ በጀርባ ዞረን፣ ደንገሉን እየገፋን፣ በተቀደደው አጥር ሾለክን።

ውስጡ ያሰብነውን ያህል አያስፈራም። የተሰባበረ መስታወት፣ እግር የሌለው አልጋ፣ የርግብ ኩስ። ልንመለስ ስንል ጓደኛዬ የመጨረሻውን ክፍል በር ገፋ አደረገችና ደርቃ ቀረች። ክፍሉ ተጠርጓል። መሬቱ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ መቋሚያ ቆሟል፤ መስኮቱ ላይ ግማሹ የነደደ ጧፍና ማኅደር ውስጥ ያለ ዳዊት አለ።

«ባሕታዊ!» አለች በሹክሹክታ። የዳንግላ ልጅ ናት፤ የገዳም ሰው ተሰውሮ እንደሚኖር ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ደሴቱ ላይ ያለው ገዳም ሰው ሲበዛበት እዚህ መጥተው ነው።»

እኔም ወዲያው አመንኩ። ማመን ያስፈልገኝ ነበር። ካልኩለስን አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ዳግም ከወደቅኩ ከግቢ መባረሬ ነው። አዳማ ያለችው እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ኢንጂነሯ ልጄ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ያንን ስም ከአፏ መንጠቅ ከመባረሩ በላይ ያስፈራኝ ነበር።

በሳምንቱ ነጠላችንን መስቀለኛ አጣፍተን ተመለስን። ጓደኛዬ ደጃፉ ላይ ጫማ አስወለቀችኝ፤ በባዶ እግራችን መስታወቱን እየዘለልን ገባን። ቆሎና ብስኩት ይዘናል። የብስኩቱን መጠቅለያ ዳር እስከ ዳር አንብበን፣ ወተት እንደሌለው አረጋግጠናል፤ ባሕታዊ ማስገደፍ ቀላል ኃጢአት አይደለም። ከዳዊቱ ሥር ወረቀት ሸጎጥኩ፤ «አባታችን፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ። ካልኩለስ የሚባል ጠላት አለብኝ።» ጓደኛዬ እንኳ እንዳታይ በእጄ ሸፍኜ ከግርጌው የክርስትና ስሜን ጻፍኩ። ጸሎት በዓለም ስም አይሄድም፤ ያን ስሜን ደግሞ ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ስንመለስ በጥበቃው ፊት አለፍን።

«ቤተ ክርስቲያን ነበራችሁ?» አሉን ነጠላችንን አይተው።

«አዎ፣ አባባ» አልን፣ ዓይናችንን በጨው ታጥበን።

«ጸሎታችሁን ይቀበልላችሁ» አሉ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ብስኩቱ አልቋል፣ ቆሎው አልተነካም። ከዳዊቱ ሥር በሚያምር ቁም ጽሕፈት አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ጠበቀኝ። «አጥኚ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ቢያንስ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚወጣ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እናቴ ይህንኑ ቃል ሺህ ጊዜ ብላኝ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። የባሕታዊ ቃል ግን እንዴት ይጣሳል? እስከ ፈተናው ድረስ መጽሐፉን አቅፌ ከረምኩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ «ሲ» አገኘሁ። ከዚያች ሲ የበለጠ የሚያምር ፊደል አይቼ አላውቅም። ለምስጋና ብስኩት ይዤ ብቻዬን ሮጥኩ፤ የጀርባው አጥር ግን በአዲስ ቆርቆሮ ተደፍኗል። እዚያው ቆሜ ስቁለጨለጭ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው በክርስትና ስሜ ጠራኝ።

ዞር ስል ጥበቃው ናቸው። ያ ማኅደር ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አለፍሽ ወይ?» አሉኝ።

«አለፍኩ» አልኩ እንደ ምንም።

«ተመስገን። እኔ ባሕታዊ አይደለሁም፣ ልጄ። በልጅነቴ ደቅ ደሴት ላይ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ሳልጨርስ ወጣሁ። እዚያ ክፍል ዳዊቴን እደግምበት ነበር፤ ወረቀቱን ስትሸጉጪም በመስኮቱ አይቼሻለሁ። ሊያፈርሱት ነው አሉና ዕቃዬን አወጣሁ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩንም?»

«ብናገር ትቀሩብኛላችሁ ብዬ ነዋ። ‹በጸሎትዎ ያስቡኝ› ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ስምሽን በየጠዋቱ ጠርቻለሁ፤ እሱ ውሸት አይደለም።» ትንሽ አሰቡና፣ «ቆሎው ለጥርሴ አልሆነም። ብስኩቱን ግን በላሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመ። አፍሬያለሁ፣ ደስም ብሎኛል። እኚህን ሰው ፊት ለፊት ዋሽቼ አልፌያቸዋለሁ! ብስኩቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«የእርስዎስ የክርስትና ስም ማን ነው?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ከደቅ ከወጣሁ ወዲህ የጠየቀኝ የለም» አሉና፣ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ።