የአዮ መታጠቢያ ቤት ወለል

ሰው ቶሎ አላምንም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ሚዛኑን ትቼ የሻጩን ጣት ነው የማየው። ስለዚህ ለእናቴ መታጠቢያ ቤት የወለል ሴራሚክ በምንመርጥበት ሰሞን የሚያነጥፈውን ሠራተኛ መጠርጠሬ ለሚያውቀኝ ሰው የሚገርም አልነበረም።

እናቴን አዮ ነው የምንላት። ሮቤ ውስጥ አባቴ ከመሞቱ በፊት በሠራላት ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ እኔ ጎባ ነኝ፣ ሥራዬም ትዳሬም እዚያ ነው። አዮ ዘመኗን ሁሉ የታጠበችው ጓሮ፣ ቧንቧው አጠገብ ባለችው የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ነበር። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ የሮቤ ውሃ አጥንት ይሰረስራል። ዕድሜዋ ሲገፋ ከመኝታ ክፍሏ ጋር የተያያዘ መታጠቢያ ቤት ላሠራላት ወሰንኩ። የግድግዳውን ሴራሚክ ራሴ መረጥኩ፤ ነጭ ሆኖ ቀጭን ሰማያዊ መስመር የሚሄድበት ነው። ተለጥፎ ሲያልቅ ክፍሉ በራ። አዮም የወደደችው መሰለኝ፤ በገባች ቁጥር ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ነበር የምትራመደው።

ጠቡ የመጣው ከወለሉ ጋር ነው።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለ አንድ ሱቅ ልቤን የወሰደው ወለል አገኘሁ። ውሃ ሰማያዊ ነው፣ የሰው ፊት እስኪያሳይ ያብረቀርቃል፣ ከግድግዳው መስመር ጋር ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ፎቶ አንስቼ ለሠራተኛው አሳየሁት። ሠራተኛው የጎባ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምሮ የሚናገር። ስልኬን አንድ ጊዜ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ አይሆንም፣ እህቴ። ግራጫውን፣ ሻካራውን አምጪ።»

«ለምን?»

«ያንሸራትታል።»

«የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ነው ያነጠፈው። የላስቲክ ምንጣፍ ጣል አደርግበታለሁ።»

«ምንጣፉም ይሸሻል፣» አለና በሴራሚኮቹ መሃል የሞላውን ፉጋ መጥረጉን ቀጠለ።

የትኛውን ግራጫ እንደሆነ ስጠይቀው ሱቁን ጭምር ነገረኝ። ያኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሱቅ መርጦ የሚልክ ሠራተኛ በነጻ አይልክም፤ በየካርቶኑ የምትደርሰው ነገር አለች።

ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። ግራጫው እውነትም ግራጫ ነበር፤ የክረምት ሰማይ ይመስላል፣ ስዳብሰው ቆዳዬን ያዝ ያደርጋል። ከነጩ ግድግዳ ስር አስቀምጬ ሳስበው ልቤ ደከመ። ባለሱቁ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ሳይዘጋጁ ልይዛቸው ፈልጌ፣ «ለሠራተኛው ስንት ነው የሚያስቡለት?» አልኳቸው።

«ለየትኛው ሠራተኛ?»

«እርስዎ ጋ ለላከኝ።»

«ወላሂ፣ ማን እንደላከሽም አላወቅኩ፣ ልጄ።»

እንዲያ ቶሎ መማላቸው ራሱ አላማረኝም።

ይባስ ብሎ አዮ ከሠራተኛው ጋር ወገነች። «ግራጫው ይሻለኛል፣» አለችኝ። አዮ ዕድሜ ልኳን የሚያብረቀርቅ ነገር ስትወድ የኖረች ሴት ናት፤ ትሪዎቿን በአመድ ፈትጋ መስታወት ካላስመሰለች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሷና ግራጫ መቼ ተዋውቀው? ደግሞ ሁለቱ በኦሮምኛ ዝግ ብለው ሲያወሩ እደርስና ጸጥ ይላሉ። አንድ ቀን በሩ ጋ ቆሜ «ሂን ሂሚን» ስትለው ሰማኋት፤ አትንገር ማለቷ ነው። ስገባ ስለ ሲሚንቶ ማውራት ጀመሩ። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልጨረስኩም።

በሚኒባስ ወደ ጎባ ስመለስ ያንኑ አሰላስል ነበር። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ አጠገቧ ደግሞ አፈ ጣፋጭ ሠራተኛ። ዛሬ ሴራሚክ ያስመርጣታል፤ ነገ ምን ያስፈርማታል? ለባለቤቴ ስነግረው «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ብሎ ሳቀብኝ። እሱንም ጠረጠርኩት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሰማያዊው አንድ ፍሬ ብቻ ገዝቼ በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ገና ባልተነጠፈው የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አስቀመጥኩትና ከጆግ ውሃ አፈሰስኩበት። ሠራተኛው ማዕዘን ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አዮ፣ ነይ ቁሚበት፣» አልኩ። «ያንሸራትት እንደሆነ ዛሬ እንለየው።»

«ተይ፣ እህቴ፣» አለ።

«አንተን አላናገርኩም።»

አዮ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ውዱእ ልታደርግ ጫማዋን አውልቃ ነበር፤ ግድግዳውን ይዛ መጣች። እግሯን ስታጥብ በአንዱ ቆማ ሌላውን ታነሳለች፤ እንደሱ አድርገሽ አሳዪን አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቀኝ እግሯን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈች። ግራውን ልታነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። እኔ ገና እጄን ሳላነሳ የሠራተኛው ክንድ ብብቷ ስር ደርሶ ነበር። የቀኝ ዳሌዋን ሳይነካ በግራ በኩል ደግፎ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጣት። የትኛው ጎኗ እንደሚያማት ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

«ምንድን ነው የምትደብቁኝ?» አልኩ።

አዮ ሻሿን አስተካከለች።

«ወድቄያለሁ፣» አለች። «እሱ ክፍሉን ሊለካ የመጣ ቀን። ቧንቧው ጋ እግሬን ስታጠብ። እሱ ነው ያነሳኝ፤ ሐኪም ቤትም የወሰደኝ እሱ ነው። አልተሰበረም አሉኝ። እንዳይነግርሽ ደግሞ በማተቡ አስምዬዋለሁ።»

ስንት ጊዜ መጥቼ ሄጃለሁ። ግድግዳውን የምትዳብሰው አምሮባት ሳይሆን እንዳትወድቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ የመረጥኩት ሴራሚክ ተወደደልኝ ብዬ ስኮራ ከርሜያለሁ። አፈርኩ። ሠራተኛውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«ለምን ደበቅሽኝ፣ አዮ?»

«ጎባ ትወስጂኛለሻ፣» አለች፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ድምፅ። «ከዚህ ቤት ነቅለሽ ጓዳሽ ውስጥ ታስቀምጪኛለሽ። እዚያ ማንን አውቃለሁ?»

እውነቱን ለመናገር፣ እሷ ይህን ስትል እኔ በሐሳቤ ጎባ ደርሼ ነበር። የኋላውን ክፍል ባዶ አድርጌ፣ አልጋዋን በመስኮቱ በኩል አዙሬ፣ ይህን ቤት ለማን እንደማከራየው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ግራጫውን ሰኞ አመጣለሁ፣» አልኩት ሠራተኛውን፣ አቀርቅሬ። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «የትም አልወስድሽም።»

አዮ እኔን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«ሰምተሃል አይደል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ፣ አዮ፣» አላት።