ሁለት ካልሲ

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳሞታ ተራራ ወደ ሶዶ ገበያ ይወርዳል። ጫማ ሻጩ ቡሽራ ስሙን እንኳ አያውቅም። ሰላም ይልና ከዘራውን ከመደርደሪያው ጎን ያስደግፋል፤ ከዚያ ቦት ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ እጁን እስከ ጫፋቸው ይከታል። ጣቶቹ በጫማው ውስጥ እንደልብ መንቀሳቀሳቸውን ያያል፤ የሱፍ ካልሲውንም ጉንጩ ላይ አስነክቶ ይመልሰዋል። እሱ ራሱ የሚጫማው ያለቀ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው። አንድም ቀን ገዝቶ አያውቅም። ቡሽራ ገንዘብ አጥሮት ነው እያለ ሲያዝንለት ከርሞ፣ ዛሬ ቦቱን ያለ ትርፍ በመጣበት ዋጋ ሊሰጠው ቆርጧል።

ይህን ሊነግረው ሲል ነገ ከርከሮ አደን እወጣለሁ ያለ አንድ ጎረምሳ መጣ። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ቦት በመከራ አጠለቀና መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረገ።

ሰውየው ከፊቱ በርከክ ብሎ ማሰሪያውን ይፈታ ጀመር።

«አውልቅ ልጄ። አንድ ወፍራም ካልሲ ይበቃል፤ ጫማው ግን ሰፋ ይበል።»

«የተራራውን ብርድ አያውቁትም እንዴ አባባ? ሲደረብ ነው የሚሞቀው።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው ለታናሽ ወንድሜ አደን ስንወጣ ሁለት ካልሲ በገዛ እጄ ያጠለቅኩለት። ጫማው ጠበቀውና እግሩ ደነዘዘ። ከርከሮው ዞሮ ሲመጣብን እኛ ሮጥን፤ እሱ እዚያው ቀረ።»

ጎረምሳው እግሩን ሰጠው። ቡሽራም ሊጠራ ያሰበውን ዋጋ ዋጠው።

ሰውየው ሰፊውን ቦት አጠለቀለትና አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ ጫን አድርጎ፣ «እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስ» አለው።

ከቆዳው ስር የጎረምሳው ጣት ሲላወስ ተሰማው። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።