ምድጃው የሸተተው

ሰፈርተኛው «ጋሼ መጥረጊያ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ ዓመት ደን ሲጠብቁ የወደቀ ግንድ አንድ ቀን አላሳደሩም፤ ጫካውን እንደ ሳሎን ያጸዱትና የበሰበሰውን ተሸክመው ቤታቸው ይማግዱታል። «እኔ ባለሁበት ጫካ ወድቆ የሚቀር የለም!» እያሉ ይጎርሩ ነበር። ቢጎርሩስ ማን ከልካይ አላቸው!

ጡረታ በወጡ በዓመቱ አንዲት ተመራማሪ በራቸውን አንኳኳች። የመጣችው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ጥቁር ሆኖ እግሩ የቀላ፣ ከዚህ ደን በቀር የትም የማይገኝ ሺ እግር ፍለጋ ነው። በሕይወት ያየው ሰው ከጠፋ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። አሁንም ካልተገኘ «ጠፍቷል» ተብሎ ይጻፋል።

«እሱንማ ልጅ ሆኜ ስንቱን በእንጨት ነካክቼዋለሁ! እንደ ቀበቶ ጥቅልል ነው የሚለው» አሉና መንገድ መሪ ሆነው ወጡ።

ሦስት ቀን በጉልበታቸው ዳኹ። ያገኙት የሞተ ሺ እግር የነጣ ቅርፊት ብቻ ነው። ልጅቷ በወረንጦ አንስታ በአጉሊ መነጽር አየችው።

«መለያው የወንዱ ገላ ሰባተኛ ቀለበት ነው፤ እግሩ እዚያ ላይ ለየት ይላል። ይኼ ግን ባዶ ነው፣ ጋሼ» አለች። ዙሪያዋን ቃኘች። «የሚኖረው የበሰበሰ ግንድ ውስጥ ነበር። ግንዱ ሁሉ የት ገባ?»

ጋሼ መጥረጊያ ከተንበረከኩበት ተነሡ።

«ልጄ... ሽታ አለው?»

«እንዴታ! ሲነኩት ልክ የቁስል መድኃኒት ነው የሚሸተው።»

ባለቤታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምድጃው በነደደ ቁጥር አፍንጫዋን ይዛ «አንተ ሰው፣ ምንድነው የምትማግደው? ቤቱ ሆስፒታል ሆነ እኮ!» ትላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «የታመመውስ አፍንጫሽ ነው!» ብለው ይስቁባታል። አራት ዓመት ሆናት ከሞተች። ያ ሽታ ግን እዚያው፣ እሳት በሌለበት ጫካ መሐል፣ ዞሮ መጣባቸው።

ልጅቷን እየጎተቱ ወደ ቤት ሮጡ። ከምድጃው ጎን ከተከመረው የመጨረሻ እንጨት ውስጡ ገና የረጠበ አንድ ግንድ ስትልጠው የሆነ ነገር ከውስጥ ቧጠጠ። ጥቁር ጥቅልል መዳፏ ላይ ወደቀ። ቀስ ብሎ ሲፈታ ቆጠረች፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እልል ለማለት ምንም አልቀራት።

«እሱ ነው ጋሼ! ወንድ ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። «ስንት ፈጀሁ?» አሉ ምድጃውን እያዩ።

በማግስቱ ጋሼ መጥረጊያ ግንዱን አንድ በአንድ እየተሸከሙ ወደ ጫካ ሲመልሱ ጎረቤት «ምነው፣ አበዱ እንዴ?» ቢላቸው «ባለቤቱን ወደ ቤቱ እያስገባሁ ነው» አሉ።

ምድጃው ከዚያ ወዲያ አልነደደም። መድኃኒት መሽተቱን ግን አልተወም። በሸተታቸው ቁጥር ወደ ባለቤታቸው ባዶ ወንበር ዞር ይሉና «አፍንጫሽስ ደህና ነበር» ይላሉ።