ቀዩ ጃንጥላ

አሜሪካዊው ተከራዬ ዌንደል ወደ ቻይናዋ ከተማ ቼንግዱ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቻይንኛ የተማረው በሆዱ ነው፤ ከሰላምታ በፊት የለመደው የምግብ ስም ነው። በርበሬው እያስነጠሰው ኑድሉን ሙልጭ ያደርግና፣ "እትዬ ሉዎ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ" ይለኛል። ማንበብ ግን ዳገት ሆነበት።

ባለፈው እሁድ መናፈሻ ይዤው ሄድኩ። እዚያ ልጅ ለመዳር የቸኮሉ እናቶች የልጃቸውን ሙያና ጠባይ ጽፈው፣ ወረቀቱን የተዘረጋ ጃንጥላ ላይ ይለጥፋሉ።

"በል ማንበብ ተለማመድ" አልኩት።

ከጃንጥላ ጃንጥላ እየዞረ ሲንተባተብ ቆይቶ አንድ ቀይ ጃንጥላ ፊት ቆመ። ይህንን አንድም ቃል ሳይጠይቀኝ ተወጣው፦

"ወንድ። ረጅም። የሰጡትን ይበላል። ሳህን ያጥባል። እናቱ ባሕር ማዶ ስለሆነች ምራቷን አትጨቀጭቅም። ዕድሜ ሠላሳ ሦስት።"

ጃንጥላው የእኔ መሆኑን ያውቃል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከእኔ የሚዋሰው እሱኑ ነው። ጆሮው ቀላ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ።"

"ጎሽ፣ ማንበብ ችለሃል።"

"ግን ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነው።"

"ቁጥር ላይ ገና ነህ፣ አጥና።"

ይህን ስንባባል ሁለት እናቶች መነጽራቸውን እያስተካከሉ ተጠጉን። ዌንደል እስክሪብቶ አውጥቶ ጎንበስ አለ። ዕድሜውን አርሞ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን ከታች በኩል፣ "ምግብ ማብሰልም ይችላል" ብሎ ጨመረበት።

ይሄ ሰው ውሃ እንኳ አፍልቶ አያውቅም።