ቀዳዳ የሌለው ዲፌንስ

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል በተጫወተባቸው አራት ዓመታት፣ በሜዳቸው ከተደረገ ጨዋታ አንድም አላመለጠኝም። ከምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኮሌጁ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስነዳ ሰንብቼ በዕረፍቴ ቀንም መንዳቴ የሥራ ባልደረቦቼን ያስቃቸው ነበር። ይሳቁ።

ጨዋታውን ግን አላውቀውም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልወደውምም ነበር። እኔ ኳስ የምለው በእግር የሚመታውን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያ ሁሉ ጎረምሳ አንዱ በሌላው ላይ ሲከመር ሳይ የማስበው የልጄን አጥንት ብቻ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኳሱን ይዞ የሚመጣው ቡድን የእኛን ልጆች ማለፍ ያቅተዋል። ይሞክራል፣ ይሞክራል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የልጄ ቡድን ዲፌንስ፣ ተከላካዩ ማለት ነው፣ የሚፈራ ነበር። ለምን እንደሚፈራ ግን ሊገባኝ አልቻለም፤ ከሌሎቹ የገዘፉ አይደሉም፣ የፈጠኑም አይደሉም።

ሰመር ላይ ቤት ሲመጣ ጠየቅኩት። ምሳ በልተን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

«አባዬ፣ ሳይዝ አይደለም፣ ስፒድም አይደለም። ቶክ ማድረግ ነው» አለኝ።

«ወሬ ነው በለኛ!»

«ወሬ አይደለም እኮ» አለና ሳቀ።

የእሱ ቦታ ሴፍቲ ይባላል፤ ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ነው። ፊት ያሉት ከባላጋራቸው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠው ስለሚቆሙ ብዙ አያዩም። እሱ ግን ሁሉንም ያያል። ተቃራኒዎቹ ኳሱን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ቦታ ሲቀያየሩ እያመለከተ ይጮኻል፤ የሰማው ከጎኑ ላለው ይነግራል፤ በአንድ አፍታ አሥራ አንዱም ያንኑ ነገር ያውቃሉ። ያ ሁሉ ጩኸት ከተመልካች መቀመጫ ስለማይሰማ እኔ ዝም ብለው የሚጋፉ ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ የገባባቸውን ኳስ አሳየኝ። ምስሉን አቁሞ በጣቱ አንዱን ልጅ ነካው።

«ይሄን ልጅ እየው። አይቷል። እጁን ሲያነሳ አየኸው? ከዛ ተወው። ምንም አላለም።»

«ለምን?»

«አይ ዶንት ኖ። ብቻዬን እሸፍነዋለሁ ብሎ ይሆናል።»

ምስሉን ሲለቀው ያ ልጅ ነፍሱ እስኪወጣ ይሮጣል። ደረሰ፤ ኳሱ ግን ገብቶ ነበር። አሳዘነኝ።

«ሲሮጥ ግን ጎበዝ ነው» አልኩት።

«መሮጡ ምን ያደርጋል? አባዬ፣ ሰው በስፒድ ቢበልጥህ ኦኬ ነው፣ ማንም አይቆጣህም። አይተህ ዝም ካልክ ግን ቲሙ ከዛ በኋላ አያምንህም።»

ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተነገረኝም ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

ልጄን ያሳደገችው እናቴ ናት። ሚስቴ ወልዳው ዓመት ሳይሞላው ሞተች፤ እኔ ዲቪ ደርሶኝ ስወጣ እሱ ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ ቀረ። ያመጣሁት ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ነው። ኤርፖርት ስቀበለው እጁን ዘርግቶ «እንደምን ዋሉ» ብሎ በአንቱ ሰላም አለኝ። ወደ መኪናው ስንሄድ ሻንጣውን እንኳን ላግዝህ ብለው እምቢ አለ። አባዬ ለማለት አንድ ዓመት ፈጀበት። እማዬ የሚላት ግን እሷን ነበር፣ እስከ መጨረሻው። እሁድ እሁድ ይደውልላታል፤ ኮሌጅ ከገባም በኋላ አላቋረጠም። ከእኔ ጋር ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚያወራው ልጅ ከእሷ ጋር ሲሆን ጎጃሜነቱ ይመለስበት ነበር።

የመጨረሻ ዓመቱ ጨዋታ በተጋጋለበት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ እናቴ ታመመች። አብራት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደውላ ሐኪሞቹ ተስፋ እንዳልሰጧቸው ነገረችኝ። እዚሁ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋ ሄጄ ተማከርን። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ በዚያ ሰሞን በውጊያው ምክንያት አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋ ነበር።

«ብትነግረው ነገውኑ ነው የሚሄደው» አለች እህቴ። «ትምህርቱም ጨዋታውም ገደል ገባ ማለት ነው። መንገዱስ? ልጁን ለእሳት ልትሰጠው ነው? ሲዝኑ ይለቅና በወጉ ይረዳል።»

እናቴ ገና በሕይወት አለች፤ እኛ ግን ስለ መርዶዋ እንነጋገራለን። እህቴ አለች እላለሁ እንጂ እኔም የፈለግኩት እሱኑ ነበር። ለፍቶ እዚህ የደረሰ ልጅ በመጨረሻዋ ሰዓት እንዲደናቀፍብኝ አልፈለግኩም። ደግሞም የእኛ ሰው ያደረገው ሁሌም ይህንኑ ነው፤ ፈተና ላይ ላለ ልጅ፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በስልክ እንኳን እንዳላገናኛቸው ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። አንድ ቃል ከሰማ ይገባዋል። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ የእሱን ስልክ እንዳታነሳ ለመንኳት፤ ሳሎን ቁም ሳጥኑ ላይ የሚቀመጠውን የእናቴን ስልክም ድምፁን አጠፋችው። ለእሱ «ኔትወርክ ተቋርጧል» አልኩት። ብዙ ጊዜ ስለሚቋረጥ አመነኝ። ለእናቴ ደግሞ «ፈተና ላይ ነው፣ ሲጨርስ ይደውላል» አልኳት። እሷም አመነችኝ። ሁለቱም ከኋላ የቆምኩትን እኔን ያምኑኝ ነበር።

በየቀኑ ትጠይቅ ነበር። ልጄ ደወለ? ተቀይሞኝ ይሆን? አንድ ቀን በአክስቴ ልጅ ስልክ ድምፅዋን ቀድታ ላከችልኝ፣ ለእሱ እንድሰጠው። አውቶቡሱን መጨረሻ ፌርማታ ላይ አቁሜ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ፣ ሁለት ጊዜ አዳመጥኩት። ከዚያ አጠፋሁት። ልጄ ቤት ሲመጣ ስልኬን እንደ ራሱ ስልክ ነው የሚከፍተው፤ እንዳያገኘው ፈርቼ ነው። ጣቴን በቆረጠው።

ሞተች። ለቅሶ የተቀመጥነው እህቴ ቤት ነው። ከአስፐን ሂል፣ ከሄርንደን፣ ከየቦታው ሰው መጣ፤ ለእያንዳንዱ ከበር ላይ «ልጁ አልተረዳም፣ አደራ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡ» ይባላል። በየቀኑ ከእሱ ጋር ቴክስት የሚጻጻፉት የእህቴ ልጆች እንኳን አፋቸውን ዘጉ። ያ ሁሉ ሰው ያወቀው ወሬ አንድ ልጅ ጋ ሳይደርስ ቀረ። በሕይወቴ ካየሁት ዲፌንስ ሁሉ ቀዳዳ ያልነበረው እሱ ነው።

በሜዳቸው የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ተመራቂ ተጫዋቾች ከቤተሰባቸው ጋር ሜዳ ገብተው ጭብጨባ ይቀበላሉ። እናቴ ከተቀበረች ወር አልሞላትም። ለሐዘን ያሳደግኩትን ጢሜን ጠዋት ተላጨሁ፤ እህቴ ጥቁሯን አውልቃ የቡድኑን ማልያ ለበሰች። መሐል ሜዳ ላይ ልጄ ግራና ቀኝ አቅፎን ፎቶ ተነሳን። ሦስታችንም እንስቃለን። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እማዬ ብታየኝ» አለኝ። «ታይሃለች» አልኩት። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ!

የዚያን ቀን አሸነፉ። እሱ ከኋላ እያመለከተ ሲጮኽ ከወንበሬ አየሁት። በዚህ ጊዜ ባይሰማኝም ምን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር፤ ያየውን ይናገራል።

ሲዝኑ አልቆ ቤት በመጣ በማግስቱ፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። ስድስት ነበሩ፣ እህቴ ከመሐላቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት አገር ቤት የኖረ ልጅ ነው፤ በዚያ ሰዓት የቆሙትን ሰዎች አንድ ጊዜ አያቸውና ምንም ሳይሉት ገባው። ዞሮ የተመለከተው ግን እኔን ነበር። እንደ ልማዴ ከሁሉም ኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እማዬ ናት?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«መቼ?»

 እህቴ እያለቀሰች «አርባዋም ወጥቷል ልጄ» አለችው።

«ኔትወርኩስ?»

«አልተቋረጠም ነበር» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ አልቅስ፣ ይውጣልህ ይሉታል። አላለቀሰም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አባዬ፣ አየህ እኮ። አይተህ ነበር» አለኝ።

ከተመረቀ በኋላ ሄርንደን ሥራ ይዞ እዚያው ተከራየ። እኔ ስደውል ያነሳል፤ ሁለት ሦስት ቃል ነው። አንድ ቅዳሜ ሥራው ቦታ ፓርኪንግ ላይ ጠብቄው መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ቀበቶውን አላሰረም፣ በሩንም በደንብ አልዘጋውም።

«ጠርታኝ ነበር?» አለኝ።

እህቴ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታልኝ ነበር፤ ራሷን አታውቅም ነበር በለው ብላኛለች። ያን ብለው ምናልባት ይቀለው ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። አላልኩም።

«በየቀኑ» አልኩት። «ድምፅም ልካልህ ነበር።»

«የታለ?»

«አጠፋሁት።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ምን አለች?» አለኝ። ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ብሰማውም አልጠፋኝም። «ልጄ፣ ደውለህ አጥተኸኝ ይሆናል። እግሬ ከብዶኝ ስልኩ ጋ ቶሎ አልደርስም። ብዙ አስጠራው፣ አትዝጋብኝ፣ እመጣለሁ።»

ያኔ አለቀሰ። ስድስት ሽማግሌ ያላስለቀሰው ልጅ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ትከሻውን ልይዘው ስል እጄን ቀስ ብሎ አንስቶ መሪው ላይ አስቀመጠልኝና ወረደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውልለታለሁ። ቶሎ አልዘጋም። ብዙ አስጠራለሁ።