ዘጠኝ ቢጫ ወረቀቶች

መሐሪ የራሱን መኪና የገዛው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ከዚያ በፊት የቡሬ እህል ነጋዴዎችን አይሱዙ እየነዳ፣ የሰው በቆሎ እያደረሰ ሃያ ዓመት ኖሯል። ሚስቱ ያምሮት አባቷ ያወረሷትን ባሕር ዛፍ አስቆርጣ ባትሸጥለት ኖሮ ምኞቱ ከልቡ ሳይወጣ ይቀር ነበር። በዛፉ ዋጋ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ ከደላላ ገዛና በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ሰው ማመላለስ ጀመረ።

መኪናው አንድ ዐመል ነበረው። ፍሬን ሲያዝ መሪው ወደ ግራ ይሰርቃል። መሐሪ በስምንት ወር ውስጥ የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ አስቀየረ፣ ጎማም አስለካ፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እጁ ስለለመደው ፍሬን በያዘ ቁጥር ሳያስበው መሪውን ወደ ቀኝ መለስ ያደርግ ጀመር።

በክረምቱ ዝናብ የኋላው ወለል ውሃ ሲያስገባ ጊዜ ወደ ሃይለ ሚካኤል ጋራዥ ወሰደው። ሃይለ ሚካኤል የቡሬ መካኒክ ነው፤ ከመሐሪ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የኋላውን ወንበር ፈትቶ ምንጣፉን ሲያነሳ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። ሲፈቱት ዘጠኝ ቢጫ ወረቀቶች ወጡ። አንድ ድርጅት መኪና ሲበላሽበት የሚያስሞላው የጥገና መጠየቂያ ግልባጭ ነበር። የታርጋው ቁጥር ሌላ ነው፤ የሻሲው ቁጥር ግን ከመሐሪ ሊብሬ ጋር አንድ ነው። በሁሉም ላይ የሹፌሩ ስም ተጽፏል፤ ቴዎድሮስ ይላል።

የመጀመሪያው በጥር 2011 የተጻፈ ነው። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይጠፋል» ይላል። ከሥሩ በሌላ እጅ፣ «ዕቃ የለም፤ ለጊዜው ይሥራ» ተብሎ ተፈርሟል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። የሹፌሩ ጽሕፈት እየሰፋና እየጠነከረ ይሄዳል፤ መልሱ ግን እያጠረ ይመጣል። የመጨረሻው በሰኔ የተጻፈ ነው። «ፍሬኑ ሳይሠራ ሰው አሳፍሬ ወደ ሽንዲ እንድሄድ ታዝዣለሁ። ለሚደርሰው አደጋ ኃላፊ አይደለሁም» ይላል። መልሱ፣ «ታይቷል። ይሂድ» የሚል ነው።

ሃይለ ሚካኤል ባትሪውን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ሻሲው ተቆርጦ የተበየደ ነው» አለ። «በቀለም ሸፍነውት አላየሁትም። ይህች ያኔ ሽንዲ መንገድ ላይ የተገለበጠችው የድርጅት መኪና ናት። መሪው የሚሰርቀው ለዚህ ነው።»

መሐሪ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀው። እንደማይሠራ ነገረው። የፍሬን ዕቃ ይቀየራል፣ የተጣመመ ሻሲ ግን አንዴ ከተበየደ በኋላ ማንም ዋስ አይሆነውም አለ። መሐሪ በማግስቱ እቤቱ ሊውል አስቦ ነበር። ሲነጋ ግን ወጣ። ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። አንድ ሳምንት ያህል ሰው ጫነ፤ በእያንዳንዱ ቁልቁለት ከኋላው የተቀመጡትን በመስታወቱ እያየ።

በስምንተኛው ቀን የወረቀቱ ሹፌር የደምበጫ ሰው ነው ሲባል ሰምቶ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደዚያ ሄደ። መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮች ቴዎድሮስን ያውቁት ነበር። ፍርድ ቤት በፍጥነት በማሽከርከር ሰው ገድለሃል ብሎ ፈርዶበት አራት ዓመት ታስሮ እንደወጣ፣ አሁን ወፍጮ ቤት እንደሚሠራ ነገሩት።

ዱቄት ቅንድቡን አንጥቶት አገኘው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወረቀቶቹን ሲያይ አልተቀበለም፤ መጀመሪያ ሄዶ እጁን ታጠበ። ከዚያ አንድ በአንድ አነበባቸው።

«ከኋላው ወንበር ሥር ነበር?» አለ።

«ከምንጣፉ ሥር።»

«ለዳኛው ነግሬ ነበር። ግልባጩ መኪናው ውስጥ አለ አልሁ። ፈልገን አጣን አሉ። የድርጅቱ ቢሮም እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም ብሎ ጻፈ።» ከወረቀቶቹ ቀና አለ። «ሰው ይጭኑባታል?»

መሐሪ ትናንት የጫናቸውን አሥራ አራት ሰዎች እያሰበ ላስቲኩን አጣጠፈ። ቴዎድሮስም ጥያቄውን አልደገመለትም።

በአደጋው የሞተችው ህይወት የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች። አባቷ አያ ሰይፈ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ያርሳሉ። ቴዎድሮስ ከእስር ከወጣ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባቸው አይሆንም ብለውታል፤ ገበያ ላይ ሲያያቸውም መንገድ ይቀይራል። አሁን መሐሪን አብረን እንሂድ ብሎ ለመነው።

አያ ሰይፈ ቴዎድሮስን ሲያዩ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ተቀመጡም አላሏቸው። ፊደል ስለማይለዩ መሐሪ ቆሞ ዘጠኙንም አነበበላቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ይሂድ ያለው ማነው?» አሉ።

ቴዎድሮስ ኃላፊው ከአደጋው በኋላ ሥራ ለቆ እንደሄደ፣ የት እንዳለ እንደማይታወቅ፣ ድርጅቱም ፕሮጀክቱን ዘግቶ ከፍኖተ ሰላም እንደወጣ ነገራቸው።

«ስድስት ዓመት አንተን ስረግም ኖሬያለሁ» አሉ አያ ሰይፈ። «ጠዋት ተነስቼ የማደርገው እሱ ነበር። ይኼ ወረቀት ካንተ አወረደው። እኔ አሁን ወዴት ላድርገው?»

መሐሪ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በላስቲኩ ጠቀለላቸው።

ከዚያ አያ ሰይፈ መኪናዋ እደጅ እንደቆመች ሰምተው ወጡ። ነጭ እንደነበረች ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ ሰማያዊውን ቀለም በመዳፋቸው ዳሰሱት። ልጃቸው የት ተቀምጣ እንደነበር ጠየቁ። ቴዎድሮስ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን በመስኮቱ በኩል አሳያቸው። ሽማግሌው ወንበሩን ቆመው አዩት። ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

መሐሪ ወደ ቡሬ ሲመለስ በየመንገዱ እጃቸውን የሚያነሱ ሰዎችን እያየ አለፈ። ባዶ መኪና ሲያልፋቸው የሰደቡትም ነበሩ።

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ለቴዎድሮስ የይግባኙ ጊዜ እንዳለፈ፣ እንደ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ ቢቻልም መልስ የሚሰጥ ድርጅት እንደሌለ ነገረው። ያም ሆኖ ማመልከቻው ተጽፎለት ፍርድ ቤት ገባ፤ እስካሁን የጠራው የለም።

ከዚያ ወዲህ መሐሪ ሰው አልጫነባትም፤ መኪናዋን ሊገዙ ሦስት ሰዎች መጡ። መሐሪ እውነቱን ሲነግራቸው ሁለቱ ሄዱ። ሦስተኛው ግን ሳቀ፤ አሳምሬ ቀብቼ ሌላ አገር እሸጣታለሁ አለ፣ ደኅና ዋጋም ሰጠ። መሐሪ እምቢ አለ። እምቢ ካለ በኋላ ለብዙ ቀን እህል አልበላለት አለ። ያምሮት አንድ ቀን ብቻ፣ «ባትነግራቸው ምን ነበረበት?» አለችው። የተናገረችውን ሰምታ እሷው ደነገጠች፤ ሁለተኛ አላነሳችውም። በኋላ ሞተሩና ጎማው ለብቻ ተሸጠ፤ መሐሪ ወደ ነጋዴ አይሱዙ ተመለሰ።

በጥቅምት ቴዎድሮስ ለአራተኛ ጊዜ ሽማግሌ ላከ። መሐሪም አንዱ ሆኖ ሄደ። አያ ሰይፈ በዚህኛው ቀን ወንበር አወጡላቸው፤ ለረጅም ጊዜ አብረዋቸው ተቀመጡ። ስለ እርቁ እሺም እምቢም አላሉ።

«ቆዩኝ» አሉ ብቻ።